የሕፃናትን ወሲባዊ ብዝበዛ በጤና ተቋም ውስጥ መለየትና ምላሽ መስጠት፦ ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

ወሲባዊ ብዝበዛ የሚፈጸምባት ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ስትመጣ ችግሯን በስሙ ጠርታ አትናገርም። የምትመጣው ሽንት ሲያቃጥላት፣ የወር አበባዋ ሲቀርባት፣ በረኪና ጠጥታ በሰው እጅ ተደግፋ፣ ወይም ወደ አረብ አገር ለመሄድ የጤና ምርመራ ወረቀት ፈልጋ ነው። አጠገቧ ብዙ ጊዜ «አክስቷ ነኝ» ወይም «የአጎቷ ልጅ ነኝ» የሚል ሰው ይቆማል፤ ስሟንም ዕድሜዋንም ሕመሟንም የሚናገረው እሱ ነው። ከካርድ ክፍል ተነስታ መድኃኒት ቤት እስክትደርስ በአምስትና በስድስት ሠራተኞች ፊት ታልፋለች፤ ከነዚህ አንዱ እንኳ ቆም ብሎ ካላያት ይዟት ከመጣው ሰው ጋር ተመልሳ ትሄዳለች። ይህ መመሪያ የተጻፈው በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት ለሚሠሩ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ጤና መኮንኖችና ሐኪሞች፣ እንዲሁም በጤና ኬላ ለሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነው። ለአጻጻፍ እንዲመች በአብዛኛው «ልጅቷ» ይላል፤ የተጻፈው ግን ለወንዶች ልጆችም ጭምር ነው።

ከሁሉ በፊት፦ «ፈቅዳ ነው» የሚለውን ሐሳብ ከክፍሉ ማስወጣት

ወሲባዊ ብዝበዛ ማለት 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በገንዘብ፣ በምግብ፣ በመኝታ ቦታ፣ በስልክ፣ በፈተና ውጤት፣ በሥራ ተስፋ ወይም በጥበቃ ልዋጭ ለወሲብ ወይም ለወሲባዊ ምስል ሲዳረግ ነው። ጥቅሙ ለልጅቷ ለራሷ ቢደርስም፣ ለደላላው ወይም ለቡና ቤቱ ባለቤት ቢደርስም ብዝበዛነቱ አይለወጥም። ብዝበዛን ከሌሎች ወሲባዊ ጥቃቶች ይልቅ ለማየት አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው የልዋጭ ነገር ነው፤ ልጅቷ ራሷን እንደ ተጠቂ አትቆጥርም፣ ሰውየውን «ጓደኛዬ» ወይም «የሚረዳኝ ሰው» ትለዋለች፣ ባለሙያውም አዲስ ስልኳንና የተቀባ ጥፍሯን አይቶ «የራሷ ምርጫ ነው» ብሎ ያልፋል። በእኔ ግምት በጤና ተቋሞቻችን ከዕውቀት ማነስ የበለጠ ልጆችን ያሳለፈብን ይህ አስተሳሰብ ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 ዓመት በሆነ ልጆች ላይ፣ በአንቀጽ 627 ደግሞ 13 ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን የግብረ ሥጋ ድፍረት በደል ይቀጣል፤ ለሁለተኛው የተደነገገው ከ13 እስከ 25 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። ወንጀሉ ተፈጸመ ለማለት ልጅቷ መታገሏን ወይም መጮኋን ማሳየት አያስፈልግም። በተመሳሳይ ፆታ ሰው በልጅ ላይ የሚፈጸመው በአንቀጽ 631 ይሸፈናል። በዝሙት አዳሪነት ማትረፍ በአንቀጽ 634 ተከልክሏል፤ ሴቶችንና ልጆችን ለዚሁ ተግባር ማቅረብም ወንጀል ነው፤ በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም አለ። ባለሙያው አንቀጾቹን በቃሉ መያዝ አይጠበቅበትም፤ ከፊቱ ያለችው ልጅ ፈቀደች ወይስ አልፈቀደችም የሚለው ጥያቄ የእሱ ሥራ እንዳልሆነ ግን ማወቅ አለበት።

አንደኛ ደረጃ፦ ማየት

አንድ ምልክት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ የሚያሳስበው ምልክቶች ሲደራረቡ ነው። ከሕክምናው በኩል በአንድ ዓመት ውስጥ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ የሚመለስ የአባላዘር በሽታ፣ በተደጋጋሚ የሚጠየቅ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ፣ ክትትል ያልተደረገበትና ዘግይቶ የታወቀ እርግዝና፣ በጭን ውስጥና በክንድ ላይ የሚታይ ሰንበር ወይም የሲጋራ ቃጠሎ፣ ምክንያቱ ያልተገኘለት የሆድ ሕመም ይገኙበታል። የራሷን ቃላት ተጠቅማ የምትናገረውን ሕመም በጥሞና መስማትም ያስፈልጋል፤ ልጆች የብልትን ሕመም «ሆዴን» ብለው መናገራቸው የተለመደ ነው። የድንገተኛ ክፍል ተረኞች ልዩ ትኩረት ሊሰጡ የሚገባው በረኪና ወይም ፀረ ተባይ ጠጥተው ለሚመጡ ልጃገረዶች ነው። መርዙን አክሞ «ከቤተሰብ ጋር ተጣልታ ነው» በሚል ማስታወሻ ማሰናበት የተለመደ ቢሆንም፣ ጠቡ ምን እንደነበረ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ልጅቷ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች።

ከአኗኗሯ በኩል የምታድርበትን ሰፈር ወይም ቀበሌ አለማወቋ፣ ከገጠር ከመጣች ጥቂት ሳምንት ሆኗት ሳለ ውድ ዕቃ መያዟ፣ በቡና ቤት፣ በሺሻ ቤት ወይም በማሳጅ ቤት «አስተናጋጅ ነኝ» ማለቷ፣ በመጣች ቁጥር ስሟና ዕድሜዋ መለዋወጡ፣ ስልኳ በጮኸ ቁጥር መደንገጧ ይታያል። እንደ መተማ ባሉ የድንበር ከተሞች፣ በከባድ መኪና ማደሪያዎችና በአውቶቡስ ተራ አካባቢ ያሉ ጤና ጣቢያዎች እንዲህ ያሉ ልጆች በብዛት ሊገጥሟቸው እንደሚችሉ አስበው መዘጋጀት ይኖርባቸዋል። ሆኖም ብዝበዛ በመንገድ ዳር ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ከግቢ ሳትወጣ ልትበዘበዝ ትችላለች፣ ወላጆቿ ጋር የምትኖር ተማሪም በቴሌግራም የላከችው አንድ ፎቶ መያዣ ሆኖባት ሌላ እንድትልክ ወይም ሰው እንድታገኝ ልትገደድ ትችላለች።

ወንዶች ልጆች ከሁሉ በላይ ይዘነጋሉ። በጎዳና የሚኖር፣ ማስቲሽ የሚስብ፣ ሊስትሮ የሚሠራ ወይም በረንዳ የሚያድር ልጅ የፊንጢጣ መድማት፣ ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል ወይም መቀመጥ አለመቻል ይዞ ሲመጣ ኪንታሮት ተብሎ ቅባት ተሰጥቶት ይሄዳል። ወንዱ ልጅ ዝም የሚልበት ምክንያት ከሴቷ ይለያል፤ ቢናገር ራሱ ወንጀለኛ የሚባል ወይም ወንድነቱ የሚጠየቅ ይመስለዋል። ስለዚህ ሳይጠየቅ አስቀድሞ «እንዲህ ዓይነት ነገር በወንዶች ልጆችም ላይ ይደርሳል፤ ጥፋቱ የትልቁ ሰው ነው፤ አንተን ማንም አይከስህም» ብሎ መንገር ይጠቅማል።

የውጭ አገር ጉዞ የጤና ምርመራ የሚሠሩ ክሊኒኮች በዚህ ርዕስ ሲነሱ አይሰማም፤ መነሳት ግን አለባቸው። ወደ ገልፍ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት ለመሄድ 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። በፓስፖርቷ 22 ዓመት የተባለች፣ ነገር ግን ፊቷም ሰውነቷም የ15 ዓመት የሆነ፣ ጥያቄ በተጠየቀች ቁጥር ደላላውን የምታይ ልጅ በፊታችሁ ስትቆም ወረቀቱን ፈርሞ ማሳለፍ የሕክምና ሥራ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እዚህ ቦታ ላይ ያለ ባለሙያ ልጅቷ ከአገር ሳትወጣ ለብቻዋ ሊያነጋግራት የሚችል የመጨረሻው ሰው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ለብቻዋ ማግኘት

አብሮ የመጣውን ሰው ማስወጣት ብልሃት ይፈልጋል። ጥርጣሬን የሚያሳይ ቃል ከተናገራችሁ ልጅቷን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ዛሬ ማታም የሚቀጣት እሷን ነው። ከሁሉ የተሻለው መንገድ ከ10 ዓመት በላይ የሆነን ማንኛውንም ታካሚ ለተወሰነ ጊዜ ለብቻ ማነጋገርን የተቋሙ ደንብ ማድረግና ይህንኑ በግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። ያኔ «እትዬ፣ እርስዎ እዚህ ወንበር ላይ ይጠብቁን፤ ለሁሉም ታካሚ የምናደርገው ነው» ማለት ይበቃል። እንቢ ካሉ የሽንት ናሙና ለመስጠት፣ ክብደት ለመለካት ወይም ለራጅ ልጅቷን ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ ይቻላል። አብሮ የመጣ ሰው ለብቻ መነጋገርን አጥብቆ መከላከሉ ራሱ በካርዱ ላይ ሊመዘገብ የሚገባ ነገር ነው።

ልጅቷ አማርኛ የማትችል ከሆነ ቋንቋዋን የሚችል የተቋሙ ሠራተኛ ይፈለግ። ይዟት የመጣውን ሰው አስተርጓሚ ማድረግ ቃሏን ለሚበዘብዛት ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ለቤት ስትዞር በልጅቷ አሠሪ ፊት ምንም ሳትጠይቅ «ለክትባት ጤና ኬላ ትምጣ» ብላ ብትጠራት ይሻላል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መስማት

በመጀመሪያ ስለ ሚስጥር እውነቱን ንገሯት። «ለማንም አልናገርም» የሚል ቃል አትግቡ፤ ልትጠብቁት አትችሉምና። ከዚያ ይልቅ «የምትነግሪኝን ለማይመለከተው ሰው አልናገርም፤ ሕይወትሽን የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን አንቺን ለመጠበቅ ለማን መንገር እንዳለብን አስቀድሜ ነግሬሽ አብረን እናደርገዋለን» በሏት። የሙያ ሚስጥርን ያለ በቂ ምክንያት ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስጠይቃል፤ በሌላ በኩል የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ወንጀል መፈጸሙን የማመልከት መብት ይሰጣል። ስለዚህ ማሳወቅን የሚመለከት ውሳኔ አንድ ተረኛ ብቻውን በምሽት የሚወስደው ሳይሆን፣ ከኃላፊው ጋር ተመክሮበት በጽሑፍ የሚቀመጥ ይሁን።

ጥያቄዎቻችሁ ጥቂትና ክፍት ይሁኑ። «ማታ የት ነው የምታድሪው? ከማን ጋር?»፣ «የሚያስፈራሽ ሰው አለ?»፣ «ምግብ ወይም ገንዘብ ሰጥቶሽ በልዋጩ የማትፈልጊውን ነገር እንድታደርጊ የሚጠይቅሽ ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «እሱ ነው አይደል የደፈረሽ?» የሚለው ዓይነት መልሱን በአፏ የሚያስቀምጥ ጥያቄ ግን ልጅቷን ያስጨንቃል፣ በኋላም በፍርድ ቤት ቃሏን ያዳክማል። «ለምን አልሸሸሽም?» «ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?» የሚሉት ደግሞ በጥያቄ መልክ የቀረቡ ወቀሳዎች ናቸው። የጤና ባለሙያው የሚሰበስበው ለሕክምናና ለደኅንነት የሚያስፈልገውን ያህል ነው፤ ምርመራው የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ነው። ልጅቷ ታሪኳን ለካርድ ክፍል፣ ለነርስ፣ ለሐኪም፣ ለላቦራቶሪ እየደጋገመች እንዳትናገር አንድ ባለሙያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዟት ይሂድ።

ብዙዎቹ በመጀመሪያው ቀን አይናገሩም። ያኔ አትግፏት። «ሲስተር፣ ምንም የለም» ብላ ብትሄድም፣ እናንተ ማን እንደሆናችሁና በየትኛው ቀን እንደምትገኙ አውቃ ከሄደች ተመልሳ የመምጣት ዕድሏ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ልጆችና ጎረምሶች የሚመለከት የሕክምና መመሪያም መነሻ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ማዳመጥ፣ ማመን፣ ደኅንነቷን ማጠናከርና ከድጋፍ ጋር ማገናኘት።

አራተኛ ደረጃ፦ ማከም፤ ሰዓቱን እያዩ

ሕክምና የፖሊስ ደብዳቤ አይጠብቅም። «መጀመሪያ ጣቢያ ሂዱና ደብዳቤ አጽፋችሁ ኑ» ተብለው የተመለሱ ልጆች በሚቀጥለው ቀን አይመጡም፤ የሚያልፈው ሰዓትም መድኃኒቱ የሚሠራበት ሰዓት ነው።

የመጨረሻው ግንኙነት 72 ሰዓት ካልሞላው የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ወዲያውኑ ይጀመር። የመጀመሪያው መጠን የምርመራ ውጤት እስኪመጣ መዘግየት የለበትም፤ ከዚያ ለ28 ቀናት ይቀጥላል። ለጎረምሶች በተለምዶ የሚሰጠው የቴኖፎቪር፣ የላሚቩዲንና የዶሉቴግራቪር ጥምረት ሲሆን፣ ለትንንሽ ልጆች መጠኑ በክብደት ይወሰናል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ሊሰጥ ይችላል፤ ሌቮኖርጀስትሬል ከሆነ 1.5 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ ይሰጣል፣ ቶሎ ሲሰጥ የበለጠ ይሠራል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ይደገማል። የወር አበባ ያላየች፣ ነገር ግን ጡቷ ማጎጥጎጥ የጀመረ ልጅም ማርገዝ እንደምትችል አይዘንጋ። ለአባላዘር በሽታዎች በብሔራዊው መመሪያ መሠረት ሕክምና ይሰጣታል፤ የጉበት በሽታ ቢ ክትባት ካልወሰደች ትጀምራለች፣ ቁስል ካላት የቴታነስ ክትባት ይታሰባል፣ የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ካመለጣትም የሚገኝበት ይፈለግላታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዝበዛ የአንድ ቀን ድርጊት አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት የተፈጸመው ሰዓቱ ቢያልፍም ትናንት ማታ የተፈጸመው አላለፈም። ስለዚህ «መቼ ነው የመጀመሪያው?» ከሚለው ይልቅ «የመጨረሻው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሕክምናውን ይወስናል።

እርግዝና ከተገኘ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ የመጣን እርግዝና፣ እንዲሁም በዕድሜዋ ማነስ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ያልተዘጋጀችን ልጅ እርግዝና በሕክምና ተቋም ማቋረጥ ይፈቅዳል። በአንቀጽ 552 መሠረት በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ ለመጣው እርግዝና የልጅቷ ቃል በቂ ነው፤ የፖሊስ ማስረጃም የፍርድ ቤት ውሳኔም አይጠየቅም። ውሳኔው የእሷ ነው፤ ባለሙያው ሁለቱንም መንገድ በትክክል ያስረዳታል እንጂ ወደ አንዱ አይገፋትም። በእምነቱ ምክንያት አገልግሎቱን መስጠት የማይችል ባለሙያ ቀን ሳያባክን ለሚሰጥ ባልደረባው ያስተላልፋት።

የኤችአይቪ ምርመራ ፈቃድን በተመለከተ በአገራችን አሠራር ዕድሜዋ ከ15 ዓመት በላይ የሆነች ልጅ ራሷ ትፈቅዳለች፤ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉትም ያገቡ፣ ያረገዙ፣ በጎዳና የሚኖሩ ወይም በወሲብ ንግድ ውስጥ ያሉ ከሆኑ በራሳቸው ፈቃድ መመርመር ይችላሉ። «አሳዳጊ ይምጣ» ማለት በዚህ ጉዳይ ደላላው ይምጣ ማለት ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ ደረጃ፦ አካላዊ ምርመራና ማስረጃ

ምርመራው አንድ ጊዜ፣ በአንድ የሰለጠነ ሰው፣ ልጅቷ የምትፈልገው ሰው አጠገቧ ሆኖ ይደረግ። እያንዳንዱን ነገር ከመንካታችሁ በፊት ንገሯት፣ «ይብቃ» ስትል አቁሙ። ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች ልጅ ላይ ስፔኩለም (ብልትን ከፍቶ ለማየት የሚያገለግል መሣሪያ) አይገባም፤ የግድ ካስፈለገ በማደንዘዣ ሥር በሆስፒታል ይሠራል። ትንሽ ልጅ በእናቷ ጭን ላይ ሆና መታየት ትችላለች።

የድንግልና ምርመራ አይደረግ፤ «ድንግል ናት» ወይም «አይደለችም» የሚል ቃልም በማስረጃ ወረቀት ላይ አይጻፍ። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በ2018 እ.ኤ.አ. በጋራ እንዳስታወቁት ይህ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ልጅቷንም ዳግመኛ ይጎዳል። ቤተሰብ አጥብቆ ቢጠይቅ፣ ፖሊስ በደብዳቤ ቢጠይቅ እንኳ መልሱ «በሕክምና የሚታወቅ ነገር አይደለም» የሚል ይሁን። ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው አብዛኞቹ ልጆች በምርመራ ወቅት ብልታቸው ምንም ጉዳት አይታይበትም፤ ስለዚህ «ጉዳት አልተገኘም» ተብሎ ሲጻፍ «ይህ ግን ጥቃት አልተፈጸመም ማለት አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር መከተል አለበት። ይህ ዓረፍተ ነገር በመቅረቱ ብቻ በፍርድ ቤት የወደቀ መዝገብ እንዳይኖር እያንዳንዱ ሐኪም ልማድ ያድርገው።

አመዘጋገቡ ቀን፣ ሰዓት፣ ማን አብሮ እንደመጣ፣ ልጅቷ የተናገረችው በራሷ ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ ጉዳቶች በአካል ሥዕል ላይ ከመጠንና ከቀለም ጋር፣ የተሰጠው ሕክምና የያዘ ይሁን። «ተደፍራለች» ብሎ መደምደም የባለሙያው ድርሻ አይደለም፤ «የተገኘው ነገር ከተናገረችው ጋር ይስማማል» ማለት ግን ነው። የውስጥ ልብስና ሌላ ናሙና እንዲደርቅ ተደርጎ በወረቀት ከረጢት ይታሸጋል፤ ፕላስቲክ ናሙናውን ያበላሸዋል። የተረከበና ያስረከበ ሁሉ ስሙንና ሰዓቱን ይፈርማል። በልጅቷ ስልክ ላይ ያሉ ምስሎችን ወደ ራሳችሁ ስልክ አትቅዱ፣ ለባልደረባ አትላኩ፣ እንድታጠፋቸውም አትምከሯት፤ መኖራቸውን ብቻ መዝግባችሁ ለመርማሪው አሳውቁ።

የዕድሜ ምርመራ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በስፋት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት የልጆችን ዕድሜ ከሐኪም ይጠይቃሉ። የእጅ አንጓ ራጅ ወደ ላይም ወደ ታችም የሁለት ዓመት ያህል ሊሳሳት ይችላል። ከዚህ የተነሳ «ዕድሜዋ 18 ነው» ብሎ አንድ ቁጥር መጻፍ ስህተት ነው፤ «ከ16 እስከ 20 ባለው ውስጥ ይገመታል» ተብሎ ከስህተቱ ስፋት ጋር መጻፍ አለበት። የጥርስ፣ የአካል ዕድገትና የታሪክ መረጃ ተደምሮ ጥርጣሬ ከቀረ ጥርጣሬው ልጅ ናት በሚለው ይተርጎም። አንድ ሐኪም በዚህ ወረቀት ላይ የሚጽፈው ቁጥር ተከሳሹ በየትኛው አንቀጽ እንደሚጠየቅ፣ አልፎ አልፎም ይጠየቅ እንደሆነ ይወስናል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ዛሬ ማታ የት ታድራለች?

ሕክምናው ሲያልቅ ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ልጅቷ ከግቢው መውጣት የለባትም። ውጭ የሚጠብቃት ማን ነው? መታወቂያዋን ወይም ፓስፖርቷን የያዘ አለ? ዕዳ አለባት ተብላለች? እዚያው ቤት የቀረች ታናሽ እህት ወይም ጓደኛ አለች? ለመግደል ወይም ፎቶዋን ለመበተን የዛተባት አለ? ራሷን ስለመግደል አስባለች? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለች ማስተኛት ሕጋዊና ሕክምናዊ መፍትሔ ነው፤ የአንድ ሌሊት አልጋ የማኅበራዊ ሠራተኛና ፖሊስ እስኪመጡ ጊዜ ይሰጣል። ይህ ግን በፈቃዷ እንጂ በር ተቆልፎባት መሆን የለበትም።

ስልክ የሚደወለው ከኃላፊው ቢሮ እንጂ ከኮሪደር አይደለም፤ የሚያናግሩትም በፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚመረምረውን ክፍልና የወረዳውን የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት የተቀናጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በሚገኝበት ከተማ ሕክምናው፣ የሥነ ልቦና ድጋፉ፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ስፍራ ስለሚገኙ ወደዚያው መላክ ይመረጣል። መጠለያ ካስፈለገ እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ ድርጅቶች አሉ፤ ለሕግ ድጋፍ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። የሪፈር ወረቀት በእጇ ሰጥቶ «ሂጂ» ማለት አይበቃም፤ ሰው አብሯት ይሂድ፣ መድረሷም በስልክ ይረጋገጥ። እነዚህን የስልክ ቁጥሮች ችግሩ ሲመጣ መፈለግ ሳይሆን ዛሬውኑ ጠይቆ በተረኛ ክፍል ማስቀመጥና በየሦስት ወሩ መሞከር ይገባል።

ቤተሰብ ወይም የአገር ሽማግሌ «በዕርቅ ጨርሰነዋል፤ ወረቀቱን መልሱልን» ብለው ሊመጡ ይችላሉ። በልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድፍረት በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ጉዳይ ስላልሆነ በሽምግልና አይዘጋም። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ተቀብሎ፣ የሕክምና ማስረጃ አንዴ ከተጻፈ የማይቀየር መሆኑን አስረድቶ መሸኘት ይቻላል። ጫናው በአንድ ወጣት ባለሙያ ላይ እንዳያርፍ መልሱን የሚሰጠው የተቋሙ ኃላፊ ይሁን።

ካርዱ በካርድ ክፍል እጅ በእጅ የሚዞር በመሆኑ ጉዳዩ በሽፋኑ ላይ አይጻፍ፤ ዝርዝሩ በተቆለፈ ቦታ በታሸገ ፖስታ ይቀመጥ። በትንሽ ከተማ የጥበቃ ሠራተኛውም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውም የበዝባዡ ጎረቤት ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ክትትል

በሁለተኛው ሳምንት ቁስሏና የመድኃኒቱ አወሳሰድ ይታያል፤ የእርግዝና ምርመራ ይደገማል፤ በ6 ሳምንትና በ3 ወር የኤችአይቪ ምርመራ ይደረጋል። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ቅዠቷ፣ ስለ መጠጥና ስለ ጫት፣ ራሷን ስለመጉዳት ሐሳብ ይጠየቅ፤ ከባድ ከሆነ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ይላክ። ከመጠለያ ጠፍታ ወደ ነበረችበት ቤት መመለሷ በዚህ ጉዳይ የሚያጋጥም ነው፤ ዕዳው፣ ፍርሃቱና ሌላ ማደሪያ ማጣቱ አሁንም እዚያው ስላሉ ነው። በዚህ ምክንያት «አንቺስ አትሰሚም» ተብላ ከአገልግሎት መታገድ የለባትም፤ እንደገና ስትመጣ ከአንደኛው ደረጃ ጀምሮ በአዲስ ካርድ ሳይሆን በዚያው መዝገብ ይቀጠላል።

ቀጠሮዋን ስታቀር በምን መንገድ እንደምትፈለግ ገና በመጀመሪያው ቀን ከእሷ ጋር ይወሰን። የትኛውን ስልክ፣ በስንት ሰዓት፣ ሌላ ሰው ቢያነሳው ምን ተብሎ እንደሚመለስ ራሷ ትንገራችሁ። ሌላ ሰው ካነሳው የተስማማችሁበትን ብቻ ተናገሩ፤ «የክትባት ቀጠሮ ነበራት» ብሎ መዝጋት ይበቃል፣ የክፍሉም የባለሙያውም ስም አይጠቀስም። በሁለት ሙከራ ካልተገኘች ጉዳዩን ለያዘው ማኅበራዊ ሠራተኛ በዚያው ዕለት ይነገር፣ የተነገረበት ሰዓትም በመዝገቧ ላይ ይስፈር።